ከጦርነት በኋላ ሚዛኑ ይቅደም
የሩዋንዳ ቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ ለእኛ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለጠቅላላ ጉባኤ አባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



በቅድሚያ እንኳን ለዩኒየናችን የምሥረታ በዓል በሰላም አደረሳችሁ እላለሁ። ይህን ሰላምታ በየዓመቱ እንደ ልማድ ስንለዋወጠው ኖረናል። ጦርነት ደጃችን ድረስ መጥቶ መጋዘናችንን ባዶ ካደረገ፣ አባሎቻችንን ካፈናቀለና ከዚህ አዳራሽ አንዳንድ ወንበሮችን ባለቤት አልባ ካስቀረ ወዲህ ግን «በሰላም» የምትለዋ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳላት ሁላችንም አውቀናል። ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት ዛሬ ከመካከላችን ለሌሉት አባሎቻችን ነፍስ ይማር እላለሁ።

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «የኅብረት ሥራ ማኅበራት በመልሶ ግንባታ ያላቸው ሚና» በሚል ርዕስ እንድናገር ሲጠይቀኝ ርዕሱ ሰፋብኝ። መልሶ ግንባታ ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጤና ጣቢያ ነው። እነዚህ ሁሉ እጅግ አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን እኔ ዕድሜዬን በኅብረት ሥራ ማደራጃ ሙያ የጨረስኩ ሰው በመሆኔ ሌላ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ይኸውም፣ እርስ በርሱ መተማመን ያቃተው ሕዝብ እንደገና አብሮ እንዴት ይሸጣል? እንዴትስ አብሮ ይገዛል? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከምሳ በኋላ በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ፣ በጦርነቱ ዓመት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ወስደው ዕዳቸውን ያልመለሱ አባላት ጉዳይ በአጀንዳ እንደተያዘ ተነግሮኛል። በሻይ ሰዓት እንዳዳመጥኩትም አሳቡ በሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ጦርነት ነበር፣ ይቅር ይባልና መዝገቡ ይዘጋ» ይላል። ሌላው ወገን «ዕዳውን ያልከፈለ ከማኅበሩ ይውጣ» ይላል። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ በጉባኤው ድምፅ የለኝም። ሆኖም ከመወሰናችሁ በፊት፣ ከእኛ የከፋ መከራ ያለፈበት የአንድ አፍሪካዊ አገር ገበሬ ምን እንዳደረገ እንድትሰሙልኝ እለምናለሁ። አገሩን በዓይኔ አላየሁትም። ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ግን ለሙያዬ ስል ለብዙ ዓመታት ሳነብና ሳጠያይቅ ኖሬአለሁ።

ሩዋንዳ ምን ደረሰባት?

ሩዋንዳ ትንሽ አገር ናት። የቆዳ ስፋቷ ከ26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ኮረብታማ በመሆኗ «የሺህ ኮረብቶች አገር» እየተባለች ትጠራለች። ሕዝቧ እንደ እኛው በአብዛኛው ገበሬ ነው። ማሳው ጠባብ፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 በወቅቱ በነበረው መንግሥትና በሩዋንዳ አርበኞች ግንባር መካከል ጦርነት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1994፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም.፣ 100 ቀናት በሚያህል ጊዜ ውስጥ በቱትሲዎች ላይ የዘር ማጥፋት ፍጅት ተፈጸመ። ፍጅቱን የተቃወሙ ሁቱዎችም አብረው ተገደሉ። የሟቾቹን ቁጥር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 800 ሺህ ገደማ አድርጎ ሲገምተው፣ የሩዋንዳ መንግሥት ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው ይላል። ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ተሰደደ። በዚያ አንድ ዓመት የአገሪቱ ኢኮኖሚ በግማሽ ያህል ወደቀ።

ከቁጥሩ ይበልጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ገዳዩ ከሩቅ የመጣ ጦር ብቻ አልነበረም። በአንድ ኮረብታ የሚኖር፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያይ ጎረቤት ነበር። ስለዚህ ፍጅቱ ሲያበቃ የተረፈው ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ኮረብታ ነው። አንዷ ባሏ የተገደለባት መበለት ናት። ሌላዋ ባሏ በገዳይነት ተጠርጥሮ የታሰረባት ሚስት ናት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በእስር ቤቶቹ ወደ 120 ሺህ የሚጠጋ ሰው ታጉሮ ነበር። ሁለቱም ሴቶች ልጅ ያሳድጋሉ፤ ሁለቱም ማሳቸው ጠፍ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሕግ ሴት ልጅ ከወንድ እኩል እንድትወርስ በመፍቀዱ፣ ብዙ ሴቶች በስማቸው መሬት ለመያዝ መንገድ አገኙ። መሬቱ ላይ የቆመው ግን አሮጌ ቡና ነበር።

ዋጋ ያልነበረው ቡና

ቡና ወደ ሩዋንዳ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ሚስዮናውያን አማካይነት ነው። በኋላም የቤልጂግ ቅኝ ገዥዎች ገበሬውን እያስገደዱ አስተከሉት። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ነፃነቷን ካገኘች በኋላም ቢሆን ቡና የመንግሥት የውጭ ምንዛሪ ምንጭ እንጂ የገበሬው ሀብት ሆኖ አልታየም። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ሌላ ነገር መትከል በሕግ የተከለከለ ነበር። ዋጋውን የሚወስነው ሌላ፣ ላቡን የሚያፈሰው ሌላ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓቱ ሲፈርስ የዓለም የቡና ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ ወደቀ። የሩዋንዳ ገበሬም ክልከላውን እየጣሰ ቡናውን እየነቀለ ባቄላና ሙዝ ይተክል ጀመር። ከዚያ ጦርነቱ፣ ከጦርነቱም ፍጅቱ መጣ።

ከፍጅቱ በኋላ አንድ የቡና ገበሬ በአማካይ ከ200 ያነሰ እግር ቡና ነበረው። ይህንንም በየቤቱ በእጅ እየፈለፈለ፣ ባገኘው ዕቃ እያጠበ፣ መሬት ላይ እያሰጣ ለነጋዴ ይሸጣል። የአንዱ ደህና፣ የሌላው የሻገተ ነው። ነጋዴው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይቀላቅለዋል። ለሁሉም የሚከፍለው ዋጋ አንድ ነው፤ እሱም ዝቅተኛው። ስለሆነም በደንብ ያዘጋጀው ገበሬ የሚጠቀመው ነገር አልነበረም። ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ንጹሑን ሰሊጥና ከገለባ የተቀላቀለውን በአንድ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ባለበት ገበያ ማንም አበጥሮ አይመጣም።

ማራባ

ከዋና ከተማዋ ከኪጋሊ ወደ ደቡብ፣ ቀድሞ ቡታሬ፣ ዛሬ ሁዬ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ማራባ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ከ200 ጥቂት የሚበልጡ ገበሬዎች «አባሁዛሙጋምቢ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ቃሉ በኪንያሩዋንዳ ቋንቋ ለአንድ ዓላማ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ማለት ነው። አባላቱ ከሁለቱም ወገን ነበሩ። ከመካከላቸውም መበለቶችና ባሎቻቸው የታሰሩባቸው ሴቶች ብዙ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የሩዋንዳ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ከሚሺጋን ስቴትና ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጋር በአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ ገንዘብ የሚካሄድ ፕሮጀክት ነበረው። «ፐርል» እየተባለ ይጠራ ነበር። ፕሮጀክቱ ማራባን መርጦ እ.ኤ.አ. በ2001 የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንዲቋቋም ረዳ። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓመት የዓለም የቡና ዋጋ ለአሥርት ዓመታት ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅተኛ ደረጃ ወርዶ ነበር። ተራ ቡና ይዞ ገበያ መውጣት ለኪሳራ ነበር። በመሆኑም ማኅበሩ የተለየ ጥራት ያለው ቡና አዘጋጅቶ ጥራቱን ለሚያውቅ ገዢ ለመሸጥ ተነሣ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት የመጣ የቡና ቆይ ኩባንያ የማራባን ቡና በጥሩ ዋጋ ገዛ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ቡና ቆይዎች ገቡበት። የማኅበሩ አባላትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሁለት ሺህ ተጠጉ። ሌሎች ወረዳዎችም ይህን አይተው ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በመላ አገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የማጠቢያ ጣቢያዎች በ2006 ከ100 በለጡ፤ ዛሬ ከ200 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ጥራት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ አስተናጋጇ ሩዋንዳ ነበረች። የቡና መገኛ የሆነችው የእኛዋ ኢትዮጵያ ይህን ውድድር ያካሄደችው ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

በሚዛኑ ዙሪያ

ክቡራትና ክቡራን፣

እስካሁን የተናገርኩት የገበያ ወሬ ነው። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን በየቀኑ ማታ በጣቢያው በር ላይ የሚሆነው ነገር ነው።

የታጠበ ቡና የራሱ ጠባይ አለው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው በየቤቱ ሊያከማቸው አይችልም፤ የግድ በዚያው ቀን ወደ ጣቢያው ያመጣዋል። የመበለቲቱና የእስረኛው ሚስት ቅርጫት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ጥሬው ከበሰለው በዓይናቸው ፊት ይለቀማል፤ ተንሳፋፊው በውኃ ይለያል። ከዚያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ኪሎው ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ መዝጋቢው ይጽፋል፤ ደረሰኝ ይሰጣል። የአንዷ ኪሎ በሌላዋ ፊት ይነበባል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ኪሎ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ከ6 እስከ 7 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ያ እሸት ከብዙ ማሳ የተሰበሰበ ነው። አንድ ሰው ያልበሰለ ቢቀላቅል የሁሉም ቡና ጣዕም ይበላሻል፤ የሁሉም ዋጋ ይወርዳል። ስለሆነም አንዷ የሌላዋን ቅርጫት ታያለች። ሌላዋም የእሷን ታያለች። ይህ መተያየት እንደ ጥርጣሬ ሊጀምር ይችላል፤ ሲደጋገም ግን ወደ መተዋወቅ ይለወጣል። በብዙዎቹ ማኅበራት ገበሬው እሸቱን ባስረከበበት ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍያ ይወስዳል። ቡናው ውጭ ተሽጦ ትርፍ ከተገኘ ደግሞ ባስረከበው ኪሎ መጠን ሁለተኛ ክፍያ ይጨመርለታል። ይህ ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ የእኛው የትርፍ ክፍፍል ነው። ሁለተኛው ክፍያ የሚሰላው ግን መዝገቡ ትክክል ከሆነ ብቻ ነው። መዝገቡ ከተዛባ ክፍያው ይዛባል፤ ክፍያው ከተዛባ አሮጌው ቂም ይቀሰቀሳል።

ካሮል ቡድሮና ጁታ ቶቢያስ የተባሉ ተመራማሪዎች በማጠቢያ ጣቢያዎች ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። በሥራው ይበልጥ በተሳሰሩና በኑሯቸው መሻሻል ባዩ ሰዎች ዘንድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው መራራቅ ጠበብ ብሎ፣ ለዕርቅ ያላቸውም አመለካከት የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል።

ይህ ማለት ግን ቡና ብቻውን ዕርቅ አመጣ ማለት አይደለም። የሞተው አልተነሣም፤ ፍትሕም በቡና አይተካም። ሩዋንዳ ለዚህ ጉዳይ «ጋቻቻ» የሚባሉ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ የአካባቢ ሸንጎዎች አቋቁማ ነበር። ሸንጎዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪዘጉ ድረስ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን ተመልክተዋል። በአሠራራቸው ላይ ብዙ ትችት ቢሰነዘርም፣ ብዙ ቤተሰብ ዘመዱ የተገደለበትንና የተቀበረበትን ቦታ ያወቀው በእነሱ ነው። ዛሬም ቢሆን ሩዋንዳ እንከን የሌላት አገር አይደለችም። ሐሳብን በነፃነት ስለመግለጽ የሚቀርብባት ወቀሳ ከባድ ነው። በጎረቤቷ በምሥራቅ ኮንጎ ጦርነት ያላት እጅም በተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ሪፖርት በተደጋጋሚ ተጠቅሷል። እኔ ዛሬ እንድታዩልኝ የፈለግሁት ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን ገበሬዋን ነው።

ያልተሳካውም ይነገር

ስለ ሌላ አገር ተሞክሮ ሲነገር መልካሙን ብቻ ማውራት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። እኔ ይህን አላደርግም።

በሩዋንዳ የማጠቢያ ጣቢያው ቁጥር ከእሸቱ ቀድሞ አደገ። ብዙዎቹ ጣቢያዎች በሙሉ አቅማቸው የሚሠሩበት ቡና አጡ። በብድር የተሠሩ ስለነበሩ ዕዳ ተቆለለባቸው። ሒሳብ በአግባቡ የማይያዝባቸው፣ ሥራ አስኪያጁ ያደረገውን አባሉ የማያውቅባቸው ማኅበራት ከሰሩ። አንዳንዱ ጣቢያ ወደ ግል ባለሀብት እጅ ገባ። በሌላ በኩል ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከማሳ ድረስ የሚመጣ ነጋዴ ነበረ። ልጁ የታመመበት ገበሬ የማኅበሩን ሁለተኛ ክፍያ እስኪጠብቅ ድረስ ጊዜ የለውም፤ ለነጋዴው ይሸጣል። ሰው ከማኅበሩ የሚሸሸው ሁልጊዜ ከሃዲ ስለሆነ አይደለም፤ ማኅበሩ በሚያስፈልገው ሰዓት ካልደረሰለትም ይሸሻል።

መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2016 ገበሬው በክልሉ ለሚገኝ ጣቢያ ብቻ እንዲሸጥ የሚያደርግ አሠራር ዘረጋ። ዓላማው የጥራት ቁጥጥርን ማጠንከርና ጣቢያዎቹ የተረጋጋ አቅርቦት እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ገበሬው ግን የተሻለ ዋጋ ወደሚሰጠው ለመሄድ በመከልከሉ ቅሬታ አሰማ። አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2023 ቀረ። አባል በትእዛዝ አይያዝም፤ የሚይዘው ጥቅሙና እምነቱ ነው።

እኛስ?

ይህ ትምህርት ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የሆነውን በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ ያኔ የ25 ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ በአንድ የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ሆኜ እሠራ ነበር። መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን መጋዘኑ ተሰበረ። እህሉ ተወሰደ፤ ከዚያ ጨርቃ ጨርቁ፣ ከዚያ በሩና መስኮቱ፣ በመጨረሻም የጣሪያው ቆርቆሮ ተነቀለ። ሚዛኑን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲሄዱ በዓይኔ አየሁ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። የማኅበሩ አባላት ነበሩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ከአንደኛው ጋር ለቅሶ ቤት ተገናኘን። «ጋሼ፣ የገዛ ንብረታችሁን እንዴት ዘረፋችሁ?» አልኩት። ዝም ብሎኝ ቆየና፣ «ልጄ፣ የእኔ መሆኑን ማን ነግሮኝ ያውቃል? ሒሳቡን አንድ ቀን አንብባችሁልን ታውቃላችሁ?» አለኝ። ሒሳብ ያዡ እኔ ነበርኩ። የምመልሰው አጣሁ።

ሰውየው እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ማኅበር የሚቋቋመው በመመሪያ፣ አባልነቱም በግዴታ ነበር። የሩዋንዳ ገበሬ ቡናውን የመንግሥት ነው እንዳለው ሁሉ፣ የእኛም ገበሬ መጋዘኑን የመንግሥት ነው ብሎ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በፈቃደኝነትና በዴሞክራሲያዊ አመራር ላይ እንዲቆሙ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 የመጡት ከዚህ መራራ ትምህርት በኋላ ነው። ዩኒየናችንም የተወለደው በዚህ አዲስ መንገድ ነው።

ታዲያ በቅርቡ ጦርነት ጊዜ ምን ሆነ? መጋዘናችን በድጋሚ ባዶ ቀረ። አንድ ነገር ግን ከ1983ቱ ተለየ። ከመሠረታዊ ማኅበሮቻችን በአንዱ ገንዘብ ያዥ የሆኑ አንዲት እናት፣ ሰው ሁሉ ልብሱንና እህሉን ሲያሸሽ፣ የማኅበሩን መዝገብና ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው ጎተራ ውስጥ ቀበሩት። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለለመኑኝ አልጠራም፤ ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጠዋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ማኅበሩ ሥራ ሲጀምር በእጁ የነበረው ካፒታል ያ መዝገብ ብቻ ነበር። ለምን እንደ ቀበሩት ስጠይቃቸው፣ «የሰው አደራ ነዋ፤ ማን ምን እንዳለው ካልታወቀ ኋላ በምን እንታረቃለን?» አሉኝ።

እኔ ስለ መልሶ ግንባታ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ከዚህ የተሻለ ቃል ግን አላገኘሁም።

ወደ አጀንዳችሁ ልመለስ

ከላይ እንዳልኩት ድምፅ የለኝም። አስተያየቴን ግን እንድትሰሙኝ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ሒሳቡ ይነበብ። «ዕዳ ያልከፈሉ» ብላችሁ በአንድ ከረጢት የምታስገቧቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ማዳበሪያውን ወስዶ ሳይዘራ የተፈናቀለ አለ። ዘርቶ ሰብሉ በማሳው ላይ የወደመበት አለ። ባሏ ሞቶ የማታውቀው ዕዳ የወረደባት ሴት አለች። አምርቶ፣ ሸጦ፣ ጦርነቱን ሽፋን አድርጎ ዝም ያለም አለ። ሁሉንም በአንድ ዋጋ የሚገዛውን ነጋዴ እናስታውስ። ለሁሉም ይቅር ካላችሁ በችግሩ መካከል እንደ ምንም ብሎ የከፈለውን አባል ሞኝ ታደርጉታላችሁ። ሁሉንም ካባረራችሁ ደግሞ መበለቲቱን ከአጭበርባሪው ጋር ትቀጧታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ዕዳው በጅምላ አይሰረዝ፣ ሰውም በጅምላ አይባረር። የዱቤው ሰንሰለት ከመሠረታዊ ማኅበሩ ወደ ዩኒየኑ፣ ከዩኒየኑም እስከ ባንክ ይደርሳል። እኛ እዚህ ስንሰርዘው በዚያ በኩል አይሰረዝም። ስለሆነም መክፈል ለሚችለው ዕዳው በሁለትና በሦስት ምርት ዘመን ይከፋፈልለት። ፈጽሞ መክፈል ለማይችለው፣ ለምሳሌ ቤተሰቡን ላጣ፣ ጉባኤው በግልጽ ተወያይቶ ከየትኛው ሒሳብ እንደሚሸፈን ይወስን፤ ውሳኔውም ይመዝገብ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አውቆ እምቢ ያለ ቢኖር ያኔ መተዳደሪያ ደንቡ ይናገር።

ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ በቢሮ ውስጥ አይደረግ። የየመሠረታዊ ማኅበሩ መዝገብ አባላቱ ባሉበት ይነበብ። የሚቀጥለው ማዳበሪያ ሲከፋፈልም ሆነ የሚቀጥለው ምርት ሲሰበሰብ ሚዛኑ ከመጋዘን ወጥቶ ደጅ ይቁም። ኪሎው ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ደረሰኙም በዚያው ይሰጥ። ጦርነቱ ባራራቃቸው ቀበሌዎች መካከል «የእነሱ ሚዛን፣ የእኛ ሚዛን» የሚባል ነገር እየተሰማ መሆኑን አውቃለሁ። ከሁለቱም ቀበሌ አንድ አንድ ሰው በአንድ ሚዛን አጠገብ ይቁም፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ይጻፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የውጭ እርዳታም አያሻውም።

ለእናንተም፣ የተከበራችሁ የወረዳና የዞን ኃላፊዎች፣ አንድ ነገር ላሳስብ። ገበሬው በዚህ ጉዳይ ላይ ራሱ ይወስን። «ይሰረዝ» የሚል ትእዛዝም፣ «ይባረር» የሚል ትእዛዝም ከላይ አይምጣ። በትእዛዝ የቆመ ማኅበር መጨረሻው ምን እንደሆነ በ1983 ዓ.ም. ቆርቆሮው ሲነቀል አይተናል። ከእናንተ የሚጠበቀው ትልቁ ድጋፍ የማኅበራቱ ሒሳብ በየዓመቱ በወቅቱ ኦዲት እንዲደረግ፣ ለዚህም በቂ ባለሙያ እንዲመደብ ማድረግ ነው። ኦዲት ያልተደረገ ማኅበር ሐሜት ይወርሰዋል። ከጦርነት በኋላ ደግሞ ሐሜት ደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ ፍም ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

የማራባ ገበሬዎች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት ከፍጅቱ 5 ዓመት በኋላ ነው። ሐዘናቸውን አልረሱም፤ እንዲረሱም የጠየቃቸው የለም። በአንድ ሰልፍ ቆመው በአንድ ሚዛን ለመመዘን ግን ተስማሙ። ከዚያ ተነሥተው ቡናቸውን ባሕር ተሻግሮ እስከሚሸጥ አደረሱት። እኛም ገና ብዙ ያልሻረ ቁስል ይዘን ነው እዚህ የተቀመጥነው። ቁስሉ ሁሉ እስኪድን ከጠበቅን ዘር ጊዜው ያልፍብናል። ሚዛኑን ግን ዛሬ ማስተካከል እንችላለን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በዚህ አዳራሽ በየዓመቱ እንሰማዋለን። ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ክር ሳይበጠስ በቦታው ሲኖር ነው። ከምሳ በኋላ መዝገቡን ስትከፍቱ፣ ጎተራ ውስጥ የቀበሩትን እናት አስቡልኝ። መዝገቡን ያተረፉት አንዱን ለማዋረድ፣ ሌላውን ለማሳለፍ አይደለም። ሁላችንም እንድንታረቅበት ነው።

በድጋሚ መልካም በዓል፣ መልካም ጉባኤ ይሁንላችሁ።